አርም

በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል ነው
ማሳንም ጽሑፍንም የሚያጸዳው፤
አርም ሲሉት ገበሬ ጎንበስ ይላል፣
አርም ሲሉት ጸሐፊ ቀይ ቀለም ያነሣል።
እዚህ ግን ለየብቻ ነው፣ ለሣሩ ሌላ፣ ለፊደሉ ሌላ፤
ብነግራቸው ሳቁ፣ የገባቸው ግን ከሳቁ በኋላ።

ላይፕሲግ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ስልሳ ሁለት የጓሮ ቁራሽ፣
ስልሳ ሁለት ቁልፍ፣ ስልሳ ሁለት የቅዳሜ አራሽ።
የእኔ አርባ ሰባት ነው፦ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣
በሐምሌ ብርድ መታኝ ብሎ የሚያኮርፍ ቃሪያ ከአጥሩ ሥር።

ማኅበሩ ዊኪ አለው። ሲጀመር ለውኃ ቆጣሪው ነበር፣
ማን ስንት ቀዳ፣ ቧንቧውን በውርጭ ወራት ማን ይዝጋው የሚል ነገር።
ኋላ እንደ ዱባ ሐረግ አጥር ለአጥር ተሳበ፤
ስለ ቀንድ አውጣ የሚያውቅ ስለ ቀንድ አውጣ ከተበ፣
አንዱ የጀመረውን ሌላው ሞላ፣ ያጣመመውን ሌላው አቃና፤
ባለቤት የለውም፣ ሁሉም ባለቤት ነውና።
ኢርምትራውድ ስለ ብስባሽ ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈች፣
የእንቁላል ቅርፊት ይግባ አይግባ በሚለው ላይ
ከሚሎሽ ጋር አርባ ጊዜ ተሰራረዘች።
እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ገጹ ተቆልፏል።

የምሠራበት ሆስፒታልም አለው፣ ለልብስ ማጠቢያው ክፍል፤
ሦስተኛው ማሽን እምቢ ሲል በየት በኩል እንደሚረገጥ
መመሪያው አይናገርም።
ጡረታ የወጣችው ኡርዙላ ግን እዚያ ላይ ትናገራለች፣
ከነፊደል ግድፈቷ።

እኔም ለብቻዬ አንድ አለኝ፤ ጸሐፊዋም አንባቢዋም እኔው ነኝ፣
የሐኪም ቀጠሮ፣ የዘር ወቅት፣ መቼም አልረሳቸውም ያልኳቸው ስሞች።
ገጽ ያልተከፈተለት ቃል እዚያ ቀይ ሆኖ ይታያል።
የአባቴ ስም ቀይ ነው። አምስት ዓመቱ።

ወደ ሠላሳ አንድ ቁጥር ልምጣ።
«ሃርትሙት እና ጊዜላ» ይል ነበር ገጹ፣
ከበሩ ቆርቆሮ ላይ የተገለበጠ።
በየካቲት ጊዜላ ሞተች።
ጸሐፊያችን ቮልክማር፣ ክፉ ሰው አይደለም፣
መዝገብ ካልጠራ እንቅልፍ የማይወስደው፣
«እና ጊዜላ» የሚለውን ሰረዘ።
ምክንያት በሚለው ሳጥን፦ «ወቅታዊ ለማድረግ»።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነሱ ሦስት በሚሉት፣
ስሟ ተመለሰ። ምክንያት፦ ባዶ።
ጠዋት ቮልክማር ነቀለ፤ ሌሊት በቀለ።
ጠዋት ነቀለ፤ ሌሊት በቀለ።
ታሪክ የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲነኩት ገጹ አንጀቱን ይዘረግፋል፣
ማን መቼ ምን እንደነቀለ አንድም ሳያስቀር ያወጣል።
አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ቆጠርኩ። ሽማግሌው በአንድ ጣት፣
ፊደል በፊደል፣ ሚስቱን ከሞት ሲመልሳት።

ሚያዝያ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ቮልክማር ደንቡን አነበበ፣
አንቀጽ ስድስት፦ ተከራይ ማለት በሕይወት ያለ።
ኢርምትራውድ ጉልበቷን ደግፋ ተነሣች፦
«እሷ እኮ የእንቁላል ቅርፊት አይደለችም፣
ትግባ አትግባ የምንባባልባት።»
ማንም አልሳቀም። ሚሎሽም።

በዚያ ሌሊት የሃርትሙት ጣት ደከመው መሰለኝ፣
«ሃርትሙት ጊዜላ» ብሎ ተወው፣ መካከሉን ሳይሞላ።
ጠዋት ታሪኩን ከፈትኩ።
ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከቮልክማር፣ አንድ እርማት፤
አንድ ቃል ጨምሯል፦ «እና»።
ምክንያት፦ «የአጻጻፍ ስሕተት»።

ከዚያ ወዲያ ያንን ገጽ የነካው የለም።
ሃርትሙት ዘንድሮ ጎንበስ ማለት አቅቶታል፣
ሠላሳ አንድን ሣር ውጦታል።
ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ መኮትኮቻዬን ይዤ፤
ከፕሪሙ ዛፍ ሥር እስከ በሩ ድረስ አርማለሁ፣
ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ግን
እጄን እሰበስባለሁ።