አንቀጽ ሰባት፣ አንድ ቃል

የማኒቶባ ምክር ቤት፤ የመጨረሻው ረድፍ፤
ወንበር ሃምሳ ሦስት፣ ከአምዱ ኋላ፣ ከበሩ ደፍ።
እኔ ከታች ነኝ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፤
ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እግሬ ሥር ፔዳል፤
የተከበሩት የሚሉትን ቃል በቃል የምለቅም፣
ሲያስነጥሱ የምዘል፣ ሲዘላለፉ የማላርም።

በጥቅምት ነው የመረጧት፤ ኖርማ ላፍሬኒዬርን፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በረዶ ጠራጊዋን፣
በአርባ አንድ ድምፅ ብልጫ፣ ያውም በድጋሚ ቆጠራ።
አፈ ጉባኤው ስሟን ሦስቴ አጣሞ ሲጠራ
ሦስቴም «አቤት» አለች።
አልጻፍኩትም። ቃለ ጉባኤ «አቤት»ን አያውቅም፤
አቤት ባይ ከደጅ ነው እንጂ ከወንበር አይነሣም።

በመጀመሪያው ቀን
የድምፅ መስጫው ደወል ሲጮህ እሳት የተነሣ መስሏት
ካፖርቷን ደርባ ወጣች፤ የዊኒፔግ ብርድ በሩ ላይ ተቀበላት።
መዝገቡ ከስሟ አጠገብ እስከ ዛሬ «ያልተገኘች» ይላል።
የፓርቲዋ አለቃ ጥርሱን ይነክሳል፤ ተቃዋሚው ይስቃል።

ከዚያ የበረዶ መንገዶች ሕግ መጣ፤ ረቂቅ ቁጥር ሃያ አራት፤
ወፍራም ነው እንደ ትራስ፤ ሁሉም ገልጦ ተኛበት።
እሷ ግን አንቀጽ ሰባት ላይ ጣቷን ተክላ ቀረች፦
«ሚኒስትሩ መንገዱን ሊያስጠርግ ይችላል።»
አነበበች። ደገመች። እጇን አወጣች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣
እኔ ንግግር አልችልም፤ የማውቀው የመኪናዬን ማረሻ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ እስከ ሐይቁ መጨረሻ።
አለቃዬ ደውሎ ‹ብትችዪ› ብሎኝ አያውቅም።
ከሐይቁ ማዶ ዊልበር አለ፤ ኩላሊቱ አይሠራም፤
በሳምንት ሦስት ቀን ካልታጠበ ደሙ ይጠቁራል።
ደም ‹ይችላል› አይገባውም፤ ቀን ይቆጥራል።
ስለዚህ ‹ሊያስጠርግ ይችላል› ይውጣ፤ ‹ያስጠርጋል›
ተብሎ ይጻፍ። ቀለሙም ከዚያኛው ያንሳል።»

ሃያ ደቂቃ ሰጥተዋት ሦስቱን እንኳ አልጨረሰች።
ሰዓቱን አየች፣ ሰው አየች፣ ግራ ገብቷት ተቀመጠች።
ዝምታዋን በማዳመጫው አሥራ አንድ ሰከንድ ሰማሁት፤
ምልክት የለውም በደንባችን፤ አራት ነጥብ አኖርኩለት።

ሚኒስትሩ ተነሥቶ «ስሜትዎ ይገባናል፣ ነገር ግን» አለ፤
ከ«ነገር ግን» ወዲያ ስድስት ገጽ ተየብኩ። ከወዲህስ ምን አለ?

ኮሚቴው ውስጥ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ሳንድዊቹ ደርቆ፣
የሕግ አማካሪው ሹክ አላት፣ መነጽሩን አውልቆ፦
«‹ይችላል› ነጻ ነው፣ እመቤቴ። ‹ያስጠርጋል› ገንዘብ ይጠይቃል፤
ገንዘብ የሚጠይቅ ቃል ደግሞ ከመንግሥት ብቻ ይፈልቃል።»
ሰብሳቢው ቀና ሳይል «ከሥርዓት ውጭ» ብሎ ዘጋው።
የሳንድዊቹን መጠቅለያ ገልብጣ፣ ጀርባውን ጻፈችበት፦
«ካላስጠረገ፣ ምክንያቱን በሰባት ቀን በጽሑፍ ያስታውቃል።»
«ይህስ ስንት ያወጣል?»
«አንድ ወረቀት።»
ሚኒስትሩ ሰዓቱን አየ። እንቅልፍ ነው መሰል፣ አለፈላት።

ጥር ላይ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፦
«መንገዱ በበረዶ ምክንያት አልተጠረገም።»
ተነሥታ አነበበችው።
ደግማ አነበበችው። ከራሷ ምንም አልጨመረችም፣
ከአንድ ስም በቀር፤ ዊልበር ቢርዲ።
አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛ አልሳቀም።

ያን ምሽት ወደ እኔ ክፍል ወረደች። ሌሎቹ የሚወርዱ
ያሉትን ለማሳመር ነው፤ ሰዋስው ሊጠግኑ፣ ስድብ ሊያስወግዱ።
እሷ «የዊልበርን ስም እንዴት ነው የጻፍሽው?» አለች፤
በተሰነጠቀ ጣቷ ስክሪኑን እየነካች
ፊደል በፊደል ቆጠረች።

ደወሉ ጮኸ።
ካፖርቷን ወንበሬ ላይ ጥላ፣
ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።