ደማም

በዐረብኛ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ግን ስሟ ደም አለበት፦
ደማም። የባሕረ ሰላጤው ጨው ግድግዳ የሚልስባት፣
ገና በጠዋቱ የመስኮት መስታወት የሚያልብባት።

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣ በኪራይ ፎቅ፣ በአንዲት ክፍል፣
ዐርብ ዐርብ ባዮሎጂ አስተምራለሁ።
ልጆቹ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ወንበሩ ዐሥራ ስድስት።
ማይክሮስኮፕ የለንም። ያለን ፕሮጀክተር ነው፣
ሲሞቅ እንደ ተቆጣ ንብ እዝዝ የሚል፤
ያለን ነጭ አንሶላ ነው፣ እጥፋቱ በመሃል ያለፈ፤
ስለዚህ ክሮሞሶም ሁሉ እኛ ጋ ወገቡ ላይ የታጠፈ።

የዛሬው ቪዲዮ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው።
መሰላሉ ዞረ፣ ተፈታ፣ እንደ ዚፕ ተከፈለ፤
"ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት" ተራኪው ደጋግሞ አለ።
ኢዩኤል ከኋላ፦ "ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኼ ነው?"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
"አባቴ እናቴን ያገባት ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው" አለች ምንታምር።
"የእኛ ጎረቤት ደግሞ" አለ ሙአዝ፣ "ያገባው የአጎቱን ልጅ፤
ግን መጀመሪያ ሁለቱም ደም ሰጥተው ወረቀት አመጡ።"
አንዱ በጣት ቆጠረ፣ አንዱ በጠብታ፤
ፍርሃቱ ያው ነው አልኩ፣ ቁጥሩ ቢለያይም ለአፍታ።

በስምንተኛው ደቂቃ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት መጣች፤
ካሜራውን አይታ፣ ፈገግ ብላ፣ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦
"የሚወለደው ልጅ እንደሚታመም ቀድማችሁ ብታውቁ?
ቪዲዮውን እዚህ ጋ አቁሙና እርስ በርስ ተጠያየቁ።"

አቆምኩት። እጅ ወጣ። "ማወቅ ይሻላል" ያሉ ዐሥራ ሁለት፣
"አለማወቅ" ያሉ ስድስት። ደመርኩት፤ አንድ እጅ ጎደለበት።

ሂክማ ናት፤
በግንቦት ሐሩር ሹራብ የምትደርበው፣
ልጆቹ "በረዶ" የሚሏት።
ተነሥታ አንሶላው ድረስ ሄደች።
ከሴትዮዋ ራስ በላይ ያለውን ሴል፣ ያንን ቀጭን፣ ያንን ጎባጣ፣
በጣቷ ነካችው፤ ቀዩ ብርሃን መዳፏ ላይ ወጣ።

"ይኼ ማጭድ ወንድሜ ጋ አለ። አብዱልመናን ይባላል፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ብርድ ሲነካው ውስጡን ያጭደዋል፤
ስለዚህ እኛ ቤት ኤሲ አይከፈትም፣ በሐምሌም።
ሌሊት ሲያመው ጉልበቱን ይዤ ማባዛት አስጠናዋለሁ፤
ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ሁሌ ይሳሳታል።
ቲቸር፣ ሴትዮዋን ጠይቂልኝ፤
'ብታውቁ' ስትል እሱን ነው?
እሱን ከሆነ፣
እሱ እኮ አለ።"

ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። መልሱ እዚያ ይኖር ይሆናል ብዬ ለቀቅኩት።
ሴትዮዋ ስለ ምርጫ ተናገረች፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ምስጢር፤
ደህና ቃላት ናቸው፣ ለፈተና የሚሆኑ፤
ልጆቹ ግን የሚያዩት አንሶላውን አልነበር።

በሚቀጥለው ዐርብ አብዱልመናን መጣ፣ እናቱ ሥራ ገብታ።
ወንበር ስለሌለ የውሃ ካርቶን ላይ ተቀመጠ፤
እግሩ መሬት አይደርስም።
ኢዩኤል፣ ያ የልጓሙ፣ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ
ሪሞቱን ፈለገ፣ ኤሲውን አጠፋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

በዐሥረኛው ደቂቃ አንገታችን፣ በሃያኛው ጀርባችን ራሰ፤
ንቡ አጉረመረመ፤ መስታወቱ ዛሬ ከውስጥም አለቀሰ።
ሂክማ ሹራቧን አወለቀች።
"ሰባት ሲባዛ በስምንት?" አለው ሙአዝ በሹክሹክታ።
"ሃምሳ አራት።"
ዐሥራ ዘጠኝ ልጅ አለ፣ አስተማሪ አለች፤
ማንም አላረመውም።