የማይረግፍ

ችግኝ የሸጠኝ ሰው፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ ማዶ፣
ሥሩን አሳየኝና፣ ጥቁሩን ላስቲክ ቀዶ፣
“አዛሊያ ይባላል፤ በጋ ክረምት አይረግፍም፤
ያበበ ቀንማ ጎረቤት ዝም ብሎ አያልፍም”
አለኝ።
ሃምሳ ብር ቀንሶ ሰጠኝ።

ከባጃጄ ኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ፣
አስቀምጬው ነዳሁ፣ እንደ ጉድጓድ ፈሪ።

ታቦር ተራራ ሥር፣ ከአጥሬ ጥግ ስቆፍር፣
አፈር መስሎኝ ነበር፤
ነጭ ጠጠር ወጣ፣ ከላባ የቀለለ፣
ባልዲ ውስጥ ብጥለው ውሃው ላይ ዋለለ።
እኔ ምን አውቄ። ተከልኩት።

ሦስተኛው ወር ላይ ቅጠሉ ገረጣ፤
ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ቀረ፣ ሌላው ቢጫ ወጣ።
ውሃ አበዛሁለት፤ ጭራሽ ባሰበት።
የበግ ፍግ ጨመርኩ፤ ጫፍ ጫፉ ነደደበት።

ጎረቤቴ ቃሚሶ፣ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራው፣
ቅጠሉን ገለበጠ፣ ቀስ አርጎ፣ በከዘራው።
“ባለ ባጃጅ፣ እስቲ ሳቅ” አለኝ።
“ምን?”
“ጥርስህን አሳየኝ።”

እኔ ከልጅነቴ አፌን በእጄ ከልዬ ነው የምስቀው፤
ጥርሴን የጉድጓድ ውሃ ነው ያጠየመው፣ ገና ምኑንም ሳላውቀው።

“ያው ነው” አለ፤ “አንተን ያጠየመህ ውሃ እሱን አስገረጣው፤
ይሄ የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው፤ እዚህ ከየት ያምጣው?”

ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮ ድምፅ ሌላ ሆነብኝ፤
ሌሊት ካፊያ ሲጥል፣ በርሜል ደቅን እያለ ከአልጋ አስነሣኝ።
ወንዶ ገነት ሰው ባደረስኩ ቁጥር ባዶ አልመለስም፤
የፈረንጅ ጥድ ርጋፊ፣ አንድ ጆንያ፤ ማንም አይከለክልም።
እግሩ ሥር አለብሰዋለሁ።
የማይረግፈው ለካ ርጋፊ ይበላል፣ እላለሁ።

ዓመት ሞላው ዛሬ። አላበበም ገና፤
አንዲት እንቡጥ አለችው፣ የክብሪት ራስ የምታህል፣ አንገቷ ቀና።
ቃሚሶ በየማለዳው ይመጣል፤
አይነካትም። አይቷት ይሄዳል።

ሥሩን ሳጸዳ ግን፣ ትናንትና፣ አየሁት፤
ይረግፋል።
ከታች ከታች፣ አንድ አንድ ቅጠል፣ ሰው ሳያየው ያልፋል፣
ከላይ ሌላ ተክቶ።
ሻጩ አልዋሸኝም፤ አላየም እንጂ ጎንበስ ብሎ ገብቶ።

ማታ፣ ፒያሳ ላይ፣ አንዲት ተሳፋሪ በመስታወቱ አይታኝ
“ምን ያስቅሃል ብቻህን?” አለችኝ።
ሁለት እጄ መሪው ላይ ነው፤
አፌን ማን ይከልለው?