ስምንት ሜትር

በእኛ አገር ተራራ የለም፤ ያለን ግድብ ብቻ፣
ስምንት ሜትር አፈር፣ የባሕሩ መግቻ።
ከወዲህ ሽንኩርት ማሳ፣ ከወዲያ ማዕበል፤
ሰማዩ ዝቅ ብሎ በግ አናት ላይ ሲውል።

ሉንትዬ እባላለሁ፤ አርባ ስድስት ሞላኝ፣
የሽንኩርት ጆንያ መቁጠር ነው የሚያበላኝ።
ለነሐሴ ማብቂያ ገንዘቤን ከፍዬ
ስሜን ሰጥቻለሁ፣
መቶ ኪሎ ሜትር ዳገት ልሮጥ ብዬ።
ዳገት ግን አላውቅም፣ ከደረጃ በቀር፤
እሱም የመጋዘን፣ አሥራ አንድ ነው ቢቆጠር።

ስለዚህ ማታ ማታ፣ ከሥራዬ ስወጣ፣
ያችኑ ስምንት ሜትር መቶ ጊዜ ልውጣ።
በቀኝ ኪሴ ጠጠር፣ ልክ መቶ ተቆጥሮ፤
አንድ በወጣሁ ቁጥር፣ አንዱ ግራ ዞሮ።
መጀመሪያ ሰሞን፣ ሠላሳው ሳይሞላ፣
ምራቄ ብረት ብረት አለኝ፣ እንደ ዛገ ቢላ።
እጄን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ቆሜ፣
በጎቹ አፍጥጠው ሲያዩኝ፣ አፈርኩ በአቅሜ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ላይ ታች?» አለኝ አንድ አመሻሽ
ክራይን፣ ጎረቤቴ፣ የጀልባ ጠጋኝ፣ የሁሉ ወቃሽ።
«ላይ ያለው ውሃ ነው፣ ታች ያለው ቤትሽ ነው፤
ሁለቱም አልጠፋ፣ ምኑን ነው የምትሺው?»

መልስ አልነበረኝም። እስትንፋስም ጭምር።

ጥቅምት ላይ ጥፍሬ ወለቀ፣ በመሃረብ ቋጠርኩት፤
መጋዘን ውስጥ «የግድብ ፍየል» ሲሉኝ ሰምቼ ዝም አልኩት።
የተቀቀለ ድንች፣ ጨው ብቻ ነስንሼ፣
እየሮጡ መብላት ተማርኩ፣ ሁለቴ አስመልሼ።

ክራይን ግን እውነቱን ነው፤ ካርታውም ይመሰክራል፣
በሁለት ሜትር ተኩል ባሕር ይበልጠኛል።
ሶፋዬ፣ ማሞቂያው፣ የሌሊት ልብሴ፣
ሁሉም የተሰፋ፣ ተለክቶ በራሴ፤
የማላውቀው ሰው ቆልሎ ያለፈው አፈር ባይደግፈው፣
አንድ ማዕበል ነው ጠራርጎ የሚያልፈው።

ኅዳር ነው፤ ሌሊት ነው፤ መቶው ሦስት ዙር ነው ዕቅዱ፤
ዝናቡ አግድም ነው፣ ሣሩ ሳሙና ነው፣ ጠፍቷል መንገዱ።
መቶ ሰባ ይመስለኛል፣ ወደቅኩ በክርኔ፣
ተንሸራትቼ ወረድኩ፣ ግማሹን በጎኔ።
ኪሴ ተቀደደ። ጠጠሬ ጭቃ ገባ።
ቁጥሩ አብሮት ጠፋ። ያኔ መጣ እንባ።

ድካም አይደል ከባዱ፣ ድካም ይለመዳል፤
ከባዱስ ያ ድምፅ ነው፣ አቆላምጦ የሚል፦
«ሉንትዬ፣ ተይ እንጂ፣ ያውም በዚህ ሌሊት፤
ማንም አያይሽም፣ ግቢ ወደ ቤት።»

ልገባ ነበረ፤ ፊቴም ዞሮ ነበር፤
መብራት አየሁና፣ ከበጎቹ በር።
ክራይን ነው፤ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣
አንድ ቁራጭ ሳንቃ ከብብቱ ስቦ፣
«መቶ ሰባ ሁለት» አለኝ፤ ምንም አልጨመረ።
ሳንቃው በቢላ ጫፍ አምስት አምስት ተሰምሮ ነበረ።
ስንት ማታ ይሆን፣ ይስቅብኛል ስል፣
በመስኮቱ ቆሞ እኔን ሲከተል?

«ልጅ ሳለሁ፣» አለኝ ቆይቶ፣ «ባሕሩ የገባ ለት፣
ከእጅ ወደ እጅ ነበር፣ አሸዋ በከረጢት።
ግድብ የሚያህል ነገር ማን ሰው ሊሸከም ነበር?
አንዷን ተቀብሎ፣ አንዷን ነው ማሻገር።»
ብዙ የተናገረ መስሎት አፈረ መሰለኝ፤
ባትሪውን ወደ ሣሩ መልሶ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።
«በይ እንግዲህ» አለ፣ «ቆመሽ ስታዪኝ ይበርዳል፤
ሰባ ሦስት የት አለ? ቢላዬ ይዶለዱማል።»

ወጣሁ።
ጫፉ ላይ ነፋሱ በጥፊ ተቀበለኝ።
በአንድ ወገን ባሕሩ፣ ከጣሪያዬ በላይ፣ ጥቁር፤
በአንድ ወገን ሳላጠፋው የወጣሁት
የኩሽናዬ መብራት፣ ከውሃ በታች ሲበራ።
ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቼ አላውቅም ነበር።

ወረድኩ።
ጉልበቴ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ሲጥ አለ።
ነሐሴ ሩቅ ነው፤ ተራራውንም ገና አላየሁት።
ከታች፣ ባትሪው ብርሃን ውስጥ፣
ቢላው ሳንቃው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ።