ለራውተሩ ነው

አክስቴ ዊዳድ፣ አል-ሚና ወደብ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከማቀዝቀዣዋ አናት ሣጥን አለቻት፣ ባሕሩን የምታይ፤
ከግማሽ ዳቦ የማትበልጥ፣
ሌት ተቀን አረንጓዴ ዓይኗ ቁልጭ ቁልጭ የምትል፣ የማታቋርጥ።
«ራውተር ናት» ትላለች እንግዳ ሲጠይቃት፤
ማን ይዘረዝራል የሆዷን ብዛት?

ሆዷ ውስጥ መጽሐፍ አለ፦ የቢትኮይን ሒሳብ ከመጀመሪያው ገጽ፣
ማን ለማን እንዳሻገረ፣ ያለ ስም፣ ያለ ገጽ።
ስትገለብጠው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት፤
እያንዳንዷን ፊርማ ራሷ ካልፈተሸች እንቅልፍ የላት።

አክስቴም እንዲሁ ነበረች። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት
የመሬት ውል ወደ መብራት ከፍ አድርጋ እያየች፣
ስንቱን ባለ ሐሰት ማኅተም
«ነገ ና» ሳትል፣ እዚያው፣ ከደጅ መለሰች።

እኔ ስልክ ሻጭ ነኝ፤ ችኩል። ዋሌቴ ላባ ናት፣ ኪሴ ውስጥ ያለች፤
የየገጹን ራስጌ ብቻ ይዛ፣
የቀረውን የሩቅ አገር ሰርቨር ጠይቃ፣ የነገሯትን የተቀበለች።
«ጋሳን» ትለኛለች፣ «የጠየቅኸው ሁሉ ጥያቄህን ያውቃል፤
ስንት አለኝ ስትለው፣ ስንት እንዳለህ ሰምቷል።»

ሳሾፍባት ኖሬያለሁ። ባንኮቹ የተቆለፉ ሰሞን ግን አብሬያት ነበርኩ፤
ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ልጅ ዓይን ዓይኑን አየሁ።
ቁጠባዋ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሳንቲም አልጎደለ።
«ቁጥሩ አለ፣ እመቤት። ገንዘቡ የለም» አለ።
አምስት ፎቅ ስንወጣ ቃል አልወጣትም።

ባለፈው ጥር የሰፈሩ ጄኔሬተር ናፍጣ አልቆበት፣ ሦስት ቀን ጨለመ፤
ሣጥኗ ዓይኗን ከደነች።
እኔ ዘንድ መርከበኛ መጣ፤ ሁለት ስልክ ተሸከመ፤
በቢትኮይን ከፈለ፤ ላባዬ «ደረሰ» አለች።
ሮጬ ወጣሁ፣ ከሻማዋ ፊት ልኮራባት፦
«ሙሉ ኖድሽ ተኝቷል! የኔዋ ሠራች!» አልኳት።
«ገንዘቡ ገብቷል?»
«አዎ!»
«እኔ አላውቅም» አለች፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት መጣ። ሣጥኗ ነቃች፤
መልካቸውን የማታውቅ ጎረቤቶቿን፣
በየአገሩ ያሉ መሰሎቿን፣
«ሳልኖር ምን ተጻፈ?» አለች።
አራት መቶ ምናምን ገጽ ሰጧት፤ አንዱንም በእምነት አልወሰደች።
አክስቴ በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ ቆማ ጠበቀች።
ጎሕ ሲቀድ፦ «አለ። የመርከበኛህ ገንዘብ ገብቷል።»
«ነገርኩሽ!»
«አንተን ነግረውሃል። እኔ አየሁ።»

ዝም አልኩ። ልክ ነበርኩ፤
ልክ መሆኔን ግን ከሰው ነው የሰማሁ።

ዛሬ የመኪና ባትሪ በትከሻዬ፣ ደረጃውን እያማረርኩ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ አረፍኩ።
ጎረቤታችን ኢምሊን በሯን ገርበብ አድርጋ፣
«ይኼ ሁሉ ሸክም ለምንድን ነው?» አለች።

«ለራውተሩ ነው።»