ያ ገመድ፣ ይህ ሳጥን

ከኒውዚላንድ ግርጌ፣ ደቡብ ነፋስ ሲያገሣ፣
አያቴ ቲፔኔ ቲቲ ሊይዝ ተነሣ፤
የባሕር ወፍ ጫጩት ከጉድጓዱ ስቦ፣
ላባውን ነጭቶ፣ በጨው ደራርቦ፣
ሚያዝያ በመጣ ቁጥር፣ እንደ አባቶቹ ወግ፣
ድርሻውን ሊወስድ፣ ትርፉን ላይፈልግ።

ያን ዓመት ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያሰጋት፣
በወፍራም ገመድ ከዛፍ ግንድ ጋር አሰራት።
በዚያ ገመድ ላይ ነው፣ ኮቴው ሳይሰማ፣
አይጥ የወረደው፤
አንድ ይሁን አምስት፣ ማን ቆጥሮ በጨለማ።

ቲየኬ ጠላት አያውቅም፤
ሎቲው ከመንቁሩ ሥር ተንጠልጥሎ፣
ጥቁር ጀርባው ላይ ዳማ ኮርቻ አደላድሎ፣
ጎጆውን ዝቅ አድርጎ ይሠራል ከግንድ ሥር፤
እንግዳ ቢመጣ ቀና ብሎ ያያል እንጂ፣ የት ያውቃል መሰወር።

በሦስተኛው ዓመት አያቴ ሲመለስ
ሻማው ተቆርጥሟል፣ ሳሙናው ተግጧል፣
የጫካው ዝምታ እስከ ባሕሩ ደርሷል።
«እኔ አልገደልኩም» ይል ነበር እስኪሞት፤
ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣
«ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»
ገመዱን አልጣለም። ከራስጌው ሰቅሎት ኖረ።

ዛሬ ጉልበቴ ላይ ሳጥን አለ፤
ቀዳዳው የበዛ፣ በፈርን ቅጠል የተነጠፈ፣
ውስጡ አንድ ቲየኬ፣ ከሌላ ደሴት ላይ የተረፈ።
ስንነሣ ራንጊማሪ በካልሲ ከትታ መዘነችው፤
«ሰማንያ ግራም» አለች።
የቲፔኔ ዕዳ ሰማንያ ግራም ነው፤
ታዲያ ክንዴን እንዲህ ያዛለው ምንድን ነው?

የምንሄድባትን ደሴት አይጦቿን በመርዝ ፈጅተናል፤
ሁለት ጉጉቶችም አብረው ሄደዋል።
«ለወፍ ሲባል ስንት ነፍስ?» ብላት ዝም አለች፤
ጎንበስ ብላ የጫማዋን ሶል በብሩሽ ፈተገች፣
የባዕድ ሣር ፍሬ ይዛ እንዳትወርድ።

ክዳኑን ስከፍት አልወጣም።
ጥግ ይዞ ገረመመኝ፤ ኋላም ቱር አለ፤
አላመሰገነም፤ ደግሞስ ስለ ምን ብሎ?

ይኸው ዘጠኝ ዓመት።
ጫጩቶቹ ጫጩት ፈለፈሉ፤
ዜማቸው ግን የአያቴ ደሴት ዜማ አይደለም፤
መጨረሻው ላይ አንዲት ሰበር ያለች ድምፅ ጨምረዋል፣
እኛ ያላመጣናት፣ በሳጥን ያልገባች፣
በገመድ ያልወረደች።
ራንጊማሪ በፉጨት ትሞክራታለች፤ አትሆንላትም።

እኔ ጀልባዬን ከዛፍ አላስርም፤
መልሕቄን ከሩቅ ጥዬ
አዳምጣለሁ።