ሦስት ደቂቃ

ሐወሊ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት።
ፀሐይ ከጠለቀች ቆየች፤ አስፋልቱ ግን ገና ይተፋል እሳት።
ከአረንጓዴው የቆሻሻ ገንዳ፣ ከድመቶቹ መንደር ጎን
ቆሜአለሁ እኔ፣ ቀን ካውያ የምገፋ፣ ማታ አስተማሪ ልሆን።

ጣሪያ የለው ክፍሌ፣ ጥቁር ሰሌዳ የለው፤
ተማሪዬ ፌስታል አንጠልጥላ በጓሮ በር ብቅ ስትል ነው
ደወሉ የሚደወለው።
ሦስት ደቂቃ አለን፤ አንዱ ለሰላምታ፣
አንዱ ለትምህርቱ፣
አንዱ፣ የሕንፃው ሐሪስ ሲያልፍ፣ ለዝምታ።

ዓርብ የሚወጡትን ሸምሲያ ይዛለች፤
ከካርጎ ቤቱ ጀርባ፣ ሻንጣ ክምር ላይ ሆና ታስረዳለች።
ጉደታ ሾፌሩ፣ መብራት ቀይ በሆነ ቁጥር፣
ለኋላ ወንበሮች ያነባል የዕጩዎቹን ዝርዝር።
ለእኔ የደረሱት ዓርብ የሌላቸው ናቸው፤
ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አንድ ወጥ ግድግዳ የሆነባቸው።

የመንግሥት ምርጫ አይደለም፤ ሚኒስትር አይሾምበትም፣
ጋዜጣ አይጽፈውም፣ ሬዲዮ አያወራለትም።
የእድራችን ኮሚቴ ነው፤ ሰባት ሰው።
ደመወዝ ላስቀሩባት የሚሟገት፣ የታመመችን የሚያስታምም፣
የሞተችን ለእናቷ የሚመልስ፣ በትኬት፣ በማኅተም።
«በወር ሁለት ዲናር ያዋጣች ሁሉ ትመርጣለች» ይላል ደንቡ፤
አሥር ዓመት ሙሉ እነዚያው ስምንት ሰዎች ነበሩ የሚያነቡ።
ጠቋሚም እነሱ፣ ተጠቋሚም፣ ጭብጨባውም ከነሱ፤
ከእኛ አዳራሽ የገቡት ዲናሮቻችን ናቸው፣ በሰው ኪስ እየደረሱ።

ወርቅያንጥፉ መጣች። እጇ ክሎር ክሎር ይሸታል።
«ስምሽን ልመዝግብ።» ዝም አለች።
ገንዳው ውስጥ ድመት አጥንት ይጎትታል።
«የትኛውን? ቤት ውስጥ ለጢፋ ነኝ።»
«ቤቱ ያወጣልሽን አይደለም፣ እናትሽ የጠራችሽን ንገሪኝ።»
ነገረችኝ፤ ቀስ ብላ፣
የተዋሰውን እንደሚመልስ ሰው።

በማግስቱ «ድምፅሽን ትሰጫለሽ» ስላት ግራ ቀኙን ቃኘች፤
«ስድስት ዓመት ‹ድምፅሽን ቀንሺ› ተብዬ፣
ቀንሼ ቀንሼ፣ ምን ተርፎኝ ልስጥ?» አለች።
«ሳጥን ውስጥ ነው የምትከቺው።»
ምነው ባልተናገርኩ።
ሳጥን እኛ ዘንድ አንድ ነው፤ ባለፈው በጋ
የዘቢባ ታናሽ የሄደችበት፣ በካርጎ ዋጋ፣
ኪሎዋ በላዩ የተጻፈበት።
ወርቅያንጥፉ ፌስታሏን ወርውራ ሮጠች፤
ሁለት ደቂቃ ተርፎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጫማ ካርቶን ይዤ ወጣሁ፤
ክዳኑን በምላጭ ሰንጥቄ።
«እጅሽን አስገቢ፣ ባዶ ነው።»
አስገባች። ጣቶቿን ውስጡ አንቀሳቀሰች፣
«ሞት የለበትም» ብላ ሳቀች።

ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ዣንጥላ፤ የዕጩዎቹ ምልክት፤
በሊፒስቲክ ቁራጭ መዳፏ ላይ እየሳልኩ አስጠናኋት።
«ታዲያ ማንን ልምረጥ?»
«አልነግርሽም።»
ተቆጣች። «መስኮቱን፣ ብርጭቆውን፣ ልጁን፣ የልጁን ውሻ፣
ሁሉን ‹እንዲህ አድርጊ› እየተባልኩ ነው የኖርኩት፤
አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ?»
አልነገርኳትም። ሁለት ሌሊት አኮረፈችኝ፤
ቆሻሻዋን ጥላ፣ እንደማታውቀኝ አለፈችኝ።

የምርጫው ማታ ሳጥኑ ራሱ ገንዳ ለገንዳ ዞረ፤
በጉደታ መኪና፣ በሁለት ታዛቢ፣ አፉ በፕላስተር እንደታሰረ።
ወጣች። ወረቀቱን ተቀበለችኝ። እስክሪብቶውን ነከሰች።
አንዱ ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛው።
ከፎቅ ላይ «ለጢፋ!» የሚል ጥሪ መጣ።
አልመለሰችም።
እኔን አየችና «ዞር በይ» አለች፤
«ምስጢር ነው ብለሽ የለ?»

ዞርኩ።
ከድመቶቹ ጋር ግድግዳውን ስናይ
ከኋላዬ ወረቀት በስንጥቁ ሲገባ ሰማሁ፤
ደረቅ ቅጠል የምታህል ድምፅ።
ከዚያ የጓሮው በር።